መስቀሉ ሳይሸፈን

ኒካሲዮ ታንኳውን በረጅም ዘንግ እየገፋ የቱይን ወንዝ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከሁለቱ ተሳፋሪዎቹ አንዱ ይጸልያል፣ ሌላው ይነጫነጫል። የሚጸልዩት ቄሱ ናቸው ብሎ የገመተ ተሳስቷል። ባለርስቷ እመቤት ዶኛ ፔትሮኒላ ኢሪባሬን በዘንባባው ጥላ ሥር፣ ከቤታቸው ባስመጡት የቆዳ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። አባ አንሴልሞ ግን የራሰ ጫማቸውን አውልቀው፣ ወንዙንም፣ ዝናቡንም፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ያስነሳቸውን በዓልም በየተራ ያማርራሉ።

«አንተ ኒካሲዮ፣ በዚህ አገፋፍህ እኮ እስክንደርስ ሙሽሪት አያት ትሆናለች።»

«አባታችን፣ እኔ ወንዙን እገፋለሁ፣ ወንዙ እኔን ይገፋል። ከፈለጉ ዘንጉን ይያዙልኝና እኔ ልባርክ።»

«ቅጣትህ ዛሬ ስለሚያልቅ ነው ምላስህ የረዘመው» አሉ አባ።

እውነታቸውን ነው። እኛ የቱይ ዳር ሰዎች በግንቦት መስቀል ቀን የምንጠብቀው አንድ ሕግ አለን። መስቀሉ ከማለዳ ጀምሮ በአበባና በባለቀለም ወረቀት አጊጦ ዳስ ውስጥ ይቆማል። ይዘመርለታል፣ ግጥም ይደረደርለታል፣ ከፊቱ ይበላል፣ ይጠጣል። ጭፈራ ግን ክልክል ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ጠባቂዋ አሮጊት በነጭ ጨርቅ ትሸፍነዋለች፤ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ቢጨፈር ማንም ምንም አይልም፣ መስቀሉ አላየማ። ሳይሸፈን እግሩን ያነሳ ግን አለቀለት። ለአንድ ዓመት የመስቀሉ ሰው ይሆናል፤ አጥር ያጥራል፣ ሣር ያጭዳል፣ ለቀጣዩ በዓል አበባ ይለቅማል። ስሙም ይቀየራል። እስከሚቀጥለው ግንቦት ድረስ ትልቅ ትንሹ «እገሌ ዴ ላ ክሩስ» እያለ ይጠራዋል፣ የመስቀሉ እገሌ ማለት ነው።

አምና የተያዘው ኒካሲዮ ነበር። ጉንዳን ነክሶኝ ነው የዘለልኩት ብሎ ቢምልም፣ ጉንዳን ነክሶት ትከሻውን የሚያንቀጠቅጥ ሰው አይተን አናውቅም አልነው። እናም ዓመቱን ሙሉ ኒካሲዮ ዴ ላ ክሩስ ተብሎ ከረመ። ለሰው አልተናገረም እንጂ ስሙን ወዶት ነበር። የራሱ ስም ሎፔስ ነው፤ ሲሞቱ ነጻ ያወጡት የጌታው ስም። አንድ ሰው ከኋላው «ሎፔስ!» ብሎ ሲጣራ ዛሬም ሟቹ የመጡበት ይመስለዋል።

ዶኛ ፔትሮኒላ የመጨረሻውን ጸሎት ጨርሰው መቁጠሪያውን ሳሙት።

«እንግዲህ አባ፣ ነገሩ ግልጽ ነው አይደል? ሙሽሮቹ ሁለቱም በእኔ ስም ነው የሚጋቡት።»

«ሌላ ከየት ያመጣሉ?» አሉ አባ አንሴልሞ። «ስም ወይ ከአባት ነው፣ ወይ ከክርስትና አባት፣ ወይ ከጌታ። እነዚህ አባታቸውን አያውቁ፤ ክርስትና ያነሷቸውም እንደነሱ ባሪያዎች ነበሩ። ያለ ስም ደግሞ አላጋባም። ዛሬ ኤውሴቢዮና ሳቱርኒና ብዬ ብቻ ባጋባ፣ ነገ አስር ኤውሴቢዮ መጥቶ ሚስቴ ናት ይለኛል።»

ዘመኑ ሺ ስምንት መቶ ሃምሳ አራት ነው። ባርነትን የሻረው አዋጅ ከካራካስ ከወጣ ገና ሁለት ወር አልሞላውም። የዶኛ ፔትሮኒላ የካካዎ እርሻ ሰዎች ያን ቀን ደወሉን አውርደው ወንዝ ከተቱት፤ ከዚያም ከግቢው ወጥተው ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ጎጆ ቀለሱ። ቦታውን ላ ቩዌልታ፣ መታጠፊያው፣ አሉት። የዛሬው ሠርግ የመንደሩ የመጀመሪያ ሠርግ ነው።

«ልጅ አልወለድኩም፣ አባ» አሉ ዶኛ ፔትሮኒላ ውሃውን እያዩ። «ባሌ ከሞተ ወዲህ ኢሪባሬን የሚባል እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ስሄድ ስሙም አብሮኝ ሊቀበር ነው። እነሱ ግን ይወልዳሉ። መሬቱን አዋጁ ወሰደብኝ አልልም፣ ሰዉን ግን ወሰደብኝ፤ እኔ ደግሞ ስሜን እሰጣቸዋለሁ። ከዚህ የበለጠ ምን ይሰጣል?»

ኒካሲዮ መልስ ነበረው። ግን ጥልቁ ጋ ደርሰው ስለነበር ትንፋሹን ለዘንጉ አዋለው።

ላ ቩዌልታ ሲደርሱ የዓሣው ሾርባ በትልቁ ድስት ይንተከተካል፣ የካሳቫው ቂጣ በቅጠል ላይ ተቆልሏል፣ የሸንኮራ አረቄውም በቅል ይዞር ጀምሯል። መስቀሉ በዳሱ መሀል በቀይና ነጭ አበባ አጊጦ ቆሟል። ከጎኑ በርጩማ ላይ እማማ ታዴያ ነጩን ጨርቅ በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። እማማ ታዴያ የሙሽራው የኤውሴቢዮ አክስት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የዶኛ ፔትሮኒላን ወጥ ቤት ይዘው ኖረዋል፣ መስቀሉንም እንዲሁ።

አባ አንሴልሞ ቀጥታ ወደ ድስቱ ሄዱ። ዶኛ ፔትሮኒላ ደግሞ ሳጥን አስይዘው ወደ ሙሽሪት ጎጆ ገቡ። ሳጥኑን የተሸከመው ኒካሲዮ ስለነበር የሆነውን ሁሉ አይቷል።

ሳጥኑ ውስጥ የራሳቸው የዶኛ የሠርግ ቀሚስ ነበር፤ ጥርስ የመሰለ ነጭ ሐር፣ ደረቱ በዳንቴል የተሠራ። ሳቱርኒና ስታየው አፏን በእጇ ያዘች። ካካዎ ስትፈለፍል የኖረች ሴት ናት፤ ጣቶቿ ጠንካራ ናቸው፣ ሐሩ እንዳይጫርባት ፈርታ በእጇ ጀርባ ዳሰሰችው።

«ለኔ ነው፣ እሜቴ?»

«ላንቺ ነው። አንድ ኢሪባሬን እንደሚገባት ሆነሽ ነው የምታገቢው።»

ሳቱርኒና እጇን መለሰች። «ቀሚሱን እለብሳለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ስሙን ግን አልፈልግም።»

«ምን አልሽ?»

«ቀሚስ ማታ ይወልቃል፣ እሜቴ። ስም አይወልቅም። በየጠዋቱ ደወል ተደውሎ "የኢሪባሬን ሴቶች በዚህ፣ የኢሪባሬን በቅሎዎች በዚያ" እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ከበቅሎዎቹ ጋር የተካፈልኩትን ስም ለልጄ አላወርስም።»

ዶኛ ፔትሮኒላ ተቆጡም፣ ተገረሙም፤ ኒካሲዮ እንዳየው ግን ከሁሉ በላይ ከልባቸው አዘኑ። ውድ ስጦታ ይዘው ሄደው በር እንደተዘጋባቸው ሰው ቆመው ቀሩ። «ሙሽራሽ እንዳንቺ አያስብም» ብለው ወጡ።

እውነትም ኤውሴቢዮ እንደሷ አያስብም ነበር። ሳቱርኒና ሐሩን እንደለበሰች፣ ጫማ ሳታደርግ፣ ከጎጆው ጀርባ ወስዳ አፋጠጠችው። ኒካሲዮም ሳጥኑን ሊያስቀምጥ ያጎነበሰበት ቦታ እንዳጋጣሚ እዚያው ነበር። እንዳጋጣሚ ያለው እሱ ነው።

«ንገራቸው እንጂ» አለች ሳቱርኒና። «አፍ የለህም?»

«ኒና፣ እኔ ስሙን ልያዝ።»

«ለምን? ምን አደረጉልህ?»

«እነሱ ምንም። ሲሞን ነው።» ኤውሴቢዮ ካካዎ አድራቂ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰፊው አደባባይ ላይ ፍሬውን በባዶ እግሩ እየገፋ ሲያገላብጥ ነው የኖረው፤ ሲጨነቅ ዛሬም ቆሞ መናገር አይችልም፣ እግሮቹ መሬቱን ወዲያና ወዲህ ይገፋሉ። «ወንድሜ ሲሸጥ ጢሙ ገና አልበቀለም ነበር። የት እንዳለ አላውቅም። አሁን ግን እሱም ነጻ ወጥቷል፣ ኒና። በእግሩ የፈለገበት መሄድ ይችላል። ይፈልገኛል። ሲመጣ ምን ብሎ ይጠይቃል? "የኢሪባሬኑ ኤውሴቢዮ" ብሎ ነው እንጂ። እኔ ስሜን ቀይሬ ብጠብቀው፣ "እንዲህ የሚባል የለም" ብለው ይመልሱታል።»

ሳቱርኒና ብዙ የተዘጋጀ ቁጣ ነበራት። ሁሉንም ትታ መሬቱን የሚገፉትን እግሮቹን አየች።

«እኔ ያን ስም ይዤ አላገባህም» አለች ቀስ ብላ። «አንተ ደግሞ ያለሱ ልታገባኝ አትችልም። እንግዲህ ምን ይሻላል?»

«እኔ እንጃ» አለ ኤውሴቢዮ።

ኒካሲዮ ከሳጥኑ ጀርባ ብቅ አለ። «ይቅርታ፣ አልሰማሁም፤ ግን ክርስትና አባት ልሁናችሁና ሎፔስ ተባሉ።»

«ካንዱ ጌታ ወጥተን ወደ ሌላው?» አለች ሳቱርኒና። «ያውም ወደ ሞተው?»

«ልክ ነሽ» አለ ኒካሲዮ። «እኔም አልወደውም።»

ከዳሱ የአባ አንሴልሞ ድምፅ ተሰማ፤ ሾርባቸውን ጨርሰዋል ማለት ነው። መንደሩ ተሰበሰበ። ዶኛ ፔትሮኒላ ወንበራቸው ላይ ከመስቀሉ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አባ የጋብቻውን መዝገብ በርሜል ላይ ከፍተው፣ ብዕር ነክረው፣ ከንፈራቸውን ጠርገው ጠየቁ።

«ሙሽሪት፣ ስም?»

«ሳቱርኒና ዴ ላ ክሩስ።»

ዳሱ ውስጥ ጉምጉምታ ሆነ። አባ ብዕሩን ከወረቀቱ አነሱ።

«ማን ሰጠሽ?»

«መስቀሉ።»

«ልጄ፣ ዴ ላ ክሩስ መልካም ስም ነው፤ በስፔንም በፖርቱጋልም ስንት የተከበረ ቤት ይጠራበታል፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ተጥሎ የተገኘ ሕፃንም ይጠራበታል። ማንም ግን ከመሬት አንስቶ አይይዘውም። በዚህ አገር ደግሞ የመስቀሉ ሰው የሚባለው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ በፊቱ ያጠፋ ነው። አንቺ ምን አጠፋሽ?»

«እስካሁን ምንም» አለች ሳቱርኒና።

ይህን ብላ የሐሩን ጫፍ በሁለት እጇ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አነሳች፤ ባዶ እግሯን አንዴ መሬት መታች፣ ደገመች፤ ከዚያ ትከሻዋ ተነሳ። በጠራራ ፀሐይ፣ መስቀሉ እያያት፣ ቄሱ ብዕር ይዘው እያዩዋት፣ ሙሽሪት ጨፈረች። ከበሮ መቺው ሂላሪዮን ከበሮውን በጆንያ ሸፍኖ ማታን ሲጠብቅ ነበር፤ እጁ ግን ከአእምሮው ቀደመና ከነጆንያው መታው።

መጀመሪያ የገባቸው ዶኛ ፔትሮኒላ ናቸው። የመንደሩን ሕግ ከማንም ባላነሰ ያውቃሉ፤ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ታዴያ፣ ሸፍኚው! ቶሎ በይ፣ ሸፍኚው!»

መስቀሉ ከተሸፈነ ጭፈራው ጥፋት አይሆንም፣ ጥፋት ካልሆነ ስም የለም። ጨርቁ ያለው በእማማ ታዴያ ጉልበት ላይ ነው። ይህን ድምፅ ሰምተው ለምን ሳይሉ ተነስተው የኖሩ ሰው ናቸው፤ «ታዴያ» ሲባል ጉልበታቸው ገና ሳያዙት ይታዘዛል። አሁንም ተነሱ። ጨርቁን አነሱ። ሳቱርኒና ግን ጭፈራዋን አላቆመችም፤ ዓይኗን ብቻ ከእማማ ታዴያ እጅ አልነቀለችም።

እማማ ታዴያ ጨርቁን አራት አድርገው አጠፉት፣ እንደ ትራስ በርጩማው ላይ አነጠፉት፣ እላዩም ላይ ተቀመጡበት።

«ፀሐይ አልጠለቀችም፣ እሜቴ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን በቅደም ተከተል ይነግራል? ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ሂላሪዮን ጆንያውን ገፎ ወረወረ። ሴቶቹ ገቡ፣ ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ የታመመ እግር ያለው እንኳ በበትሩ ላይ ሆኖ ወገቡን አንቀሳቀሰ። ኒካሲዮ ቅጣቱ በዚያው ቀን ሊያልቅለት ነበር፤ «ሎፔስ፣ ደህና ሁን» ብሎ ዘሎ መሀል ገባ። ማንም ጉንዳን አልጠራም። እማማ ታዴያም ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ ጨርቁን ላለመልቀቅ፣ በትከሻቸው ብቻ ጨፈሩ፤ እሱም ይቆጠራል።

አባ አንሴልሞ እጃቸውን ዘርግተው «ኧረ ተዉ! ኧረ በሕግ!» ይላሉ፤ ግን ዓይናቸው ሕዝቡን እየቆጠረ ነበር። የቤተ ክርስቲያናቸው ጣሪያ በበጋው ንፋስ ተገፎ፣ ዘንባባ የሚያለብስ ሰው አጥተው ክረምት እየመጣባቸው ነው። አሁን መንደር ሙሉ ሰው በመስቀል ፊት አጥፍቶ የአንድ ዓመት አገልግሎት ተፈርዶበታል። የፊታቸው ቁጣ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

«ይህ ስም እኮ ለአንድ ዓመት ብቻ ነው!» አሉ፣ እንዲያው ለወጉ።

«በየዓመቱ እጨፍራለኋ» አለች ሳቱርኒና እያለከለከች።

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም!»

«እግዚኦ» አሉ አባ። «ጣሪያውን ሰኞ ትጀምራላችሁ።»

ዶኛ ፔትሮኒላ እንደቆሙ ነበሩ። «ታዲያ ኢሪባሬን ብቻዬን ልቀር ነው?» አሉ፤ ይህን ያሉት ጮክ ብለው አልነበረም፤ እማማ ታዴያ ግን ሰሙ።

«ይቀመጡ፣ ዶኛ ፔትሮኒላ» አሏቸው። እሜቴ አላሉም። «ምግብ ይቅረብልዎ። ብቻዎን አይበሉም፣ እኔም አልበላሁ።»

ዶኛ ተቀመጡ። ይህን ያደረጉት በደግነት ይሁን በድካም አናውቅም፤ ግን ከእማማ ታዴያ ጋር ከአንድ ቅል ሲበሉ አይተናል።

በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ሰው ብቻ አልተነቃነቀም። ኤውሴቢዮ ከዳሱ ምሰሶ ተደግፎ፣ እግሮቹን እንደ ሥር ተክሎ ቆሟል። ሳቱርኒና ስታየው ቆመች፤ እሷ ስትቆም ከበሮው ቆመ።

«እኔ ጨርሻለሁ» አለችው። «አንተ ግን አትጨፍር። ሲሞን ከስም በላይ ነው። ኢሪባሬን ሁንና አግባኝ፣ እኔ ዴ ላ ክሩስ ሆኜ አገባሃለሁ። በዚህ አገር ሚስት የራሷን ስም ይዛ ነው የምትኖረው፤ ልጁም ሁለቱንም ይይዛል። ግድ የለም።»

ምን ያህል እንደከበዳት ድምፅዋ ያስታውቅ ነበር። ከበቅሎዎቹ ጋር የተካፈለችውን ስም ለልጇ ፈቀደች። ኤውሴቢዮ አንገቱን ደፋ።

«ኤውሴቢዮ» አለ ኒካሲዮ፣ ላቡን እየጠረገ። «ሲሞን እኮ ተሸጧል። የገዛው ሰው የራሱን ስም ለጥፎበታል። ኢሪባሬን መባል ከቀረ ስንት ዓመቱ ነው? ስሙን እሱ ራሱ አልያዘውም፤ ብቻህን ነህ የያዝከው።»

«እና በምን ያገኘኛል?»

«በእኔ። እኔ ከዚህ እስከ ባሕሩ ድረስ የማልቆምበት ወደብ አለ? በየደረስኩበት እናገራለሁ። ሲሞን የሚባል፣ ወንድሙን የሚፈልግ፣ ላ ቩዌልታ ሄዶ ዴ ላ ክሩሶችን ይጠይቅ እላለሁ። አንዱን ኤውሴቢዮ ማግኘት ይከብዳል፤ መንደር ሙሉ ዴ ላ ክሩስ ግን ማን ይስታል? ያገኘው የመጀመሪያ ሰው እጁን ይዞ ያመጣልሃል።»

ኤውሴቢዮ ከምሰሶው ተላቀቀ። ከዚያ እግሮቹ ጀመሩ። ትከሻ የለ፣ ዝላይ የለ፤ ፍሬ እንደሚያደርቅ ሰው መሬቱን በባዶ እግሩ እየገፋ ከምሰሶው እስከ መስቀሉ ሄደ፣ ተመለሰ። ሂላሪዮን ከበሮውን በጣቱ ጫፍ ብቻ ተከተለው። ሲጨርስ ዞሮ ደግሞ ሄደ።

«አንዴ ይበቃል እኮ» አሉ አባ።

«የመጀመሪያው የኔ ነው» አለ ኤውሴቢዮ። «ይህኛው የሲሞን።»

ሁለተኛውን ሲጨርስ ወደ በርሜሉ ቀረበ። አባ አንሴልሞ ስሙን ጻፉ፣ የእሷንም ጻፉ። ከዚያ ምስክር ጠየቁ።

«ወንድሜ ሲሞን ነው» አለ ኤውሴቢዮ።

«የት አለና?»

«አላውቅም፣ አባታችን።»

«የሌለ ሰው እንዴት ይመሰክራል? ምስክሩ ኒካሲዮ ይሁን። ስሙ ተጠርቶ አቤት ማለት ያለበት ሰው ነው የምፈልገው።»

«እሺ፣ ኒካሲዮ ይሁን። ግን የሲሞንም ስም ይጠራ። መጻፉ ቢቀር መጠራቱ ይበቃኛል።» ኤውሴቢዮ በጣቱ ወደ መዝገቡ አመለከተ። «ጠዋት ጠዋት ስማችን ሲጠራ ሲሞን ከእኔ ቀጥሎ ነበር። በተሸጠ ማግስት የእርሻው አለቃ ስሙን ዘሎት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ማንም ጮክ ብሎ ጠርቶት አያውቅም።»

አባ አንሴልሞ ብዕሩን አስቀመጡ። ተነሱ፣ ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። ሲነጫነጩ የሚያውቃቸው ሁሉ ያን ድምፃቸውን አያውቀውም ነበር።

«ሲሞን ዴ ላ ክሩስ!»

«አቤት» አለች ሳቱርኒና።

«አቤት» አለ ኒካሲዮ። እማማ ታዴያም ጨርቁን ረስተው ተነስተው «አቤት» አሉ፤ ከዚያ መንደሩ በሙሉ፣ ከዳሱ እስከ ወንዙ ዳር የቆመው ሁሉ፣ አቤት አለ። ኤውሴቢዮ ብቻ መናገር አልቻለም፣ እያለቀሰ ነበርና፤ እግሮቹ ግን በመስቀሉ ፊት እንደገና መሬቱን መግፋት ጀምረው ነበር።